በሳይቤሪያ ሰማይ የተጋጩት ሁለት ሳተላይቶችና ሳይጸዳ የቀረው ስብርባሪ

የካቲት 3 ቀን 2001 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር። በአዲስ አበባ ሰዓት ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ56 ደቂቃ። ከሰሜን ሳይቤሪያው የታይሚር ባሕረ ገብ መሬት በላይ፣ 789 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሁለት ሳተላይቶች ተላተሙ። አንዱ በሥራ ላይ የነበረ የአንድ አሜሪካዊ ኩባንያ የስልክ ሳተላይት ነው። ሌላው ሥራ ካቆመ 14 ዓመት ገደማ የሆነው የሩሲያ ወታደራዊ ሳተላይት ነው። ሁለት ሙሉ ሳተላይቶች በድንገት ሲጋጩ ይህ በታሪክ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ግጭቱ የደረሰው በ2009 መሆኑ ነው።

ስለ ምህዋር (ሳተላይቶች ምድርን ስለሚዞሩበት መንገድ) መጨናነቅ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ወደፊት ስለሚመጣው አደጋ ነው። ይህ ግን የሆነ ነገር ነው። ማን እንደተጋጨ፣ የትና መቼ እንደተጋጨ፣ ስንት ስብርባሪ እንደወጣ፣ ስብርባሪው የት እንደደረሰ በራዳር ተመዝግቧል። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ግጭቱ ብቻ አይደለም። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሕግ የጣሰ ሰው አለመኖሩ ነው።

ሁለቱ ሳተላይቶች

ኢሪዲየም 33 ይባላል የአሜሪካኑ። በ1997 ከባይኮኑር የተመጠቀው በሩሲያ ሮኬት ነበር። ክብደቱ 560 ኪሎ ግራም ነው። ኩባንያው 66 እንዲህ ያሉ ሳተላይቶችን ከዋልታ ዋልታ እያዞረ፣ ኔትወርክ በማይደርስበት ሁሉ ስልክ ያስደውላል። መርከበኞች፣ አብራሪዎች፣ በረሃ ላይ የሚሠሩ የእርዳታ ሠራተኞች ይጠቀሙበታል። እያንዳንዱ ሳተላይት 1.88 ሜትር ቁመትና 86 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት የሚያንጸባርቁ ጠፍጣፋ አንቴናዎች ነበሩት። የፀሐይ ብርሃን በትክክለኛው አቅጣጫ ሲያርፍባቸው ለጥቂት ሰከንድ ከአጥቢያ ኮከብ በላይ ያበሩ ነበር። ሰማይ መመልከት የሚወዱ ሰዎች ሰዓቱን አስልተው፣ ደጅ ወጥተው ይጠብቋቸው ነበር።

የሩሲያው ኮስሞስ 2251 ነው። በ1993 ከፕሌሴትስክ ተመጠቀ። ክብደቱ 950 ኪሎ ግራም። ሥራው የወታደር መልእክት መቀበልና ማቀበል ነበር። ሁለት ዓመት ገደማ ሠርቶ በ1995 ዝም አለ። አቅጣጫውን የሚቀይርበት ሞተር ከመጀመሪያውም አልነበረውም። ስለዚህ አገልግሎቱን ሲጨርስ ማንም ሊያወርደው አይችልም። እዚያው ተተወ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ማድረግ የተለመደ ነበር።

የሁለቱ መንገድ ወደ 90 ዲግሪ በሚጠጋ ማዕዘን ተቆራረጠ። እያንዳንዳቸው በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ያህል ይከንፋሉ። የተላተሙበት ፍጥነት በሰከንድ 11.7 ኪሎ ሜትር ነበር። ከቦሌ አየር ማረፊያ እንጦጦ ማርያም ድረስ ያለውን ርቀት በአንድ ሰከንድ እንደ መጨረስ ነው። በዚህ ፍጥነት ብረት ከብረት ሲጋጭ መጨራመት የለም፤ መበተን እንጂ። ኩባንያው መጀመሪያ ያወቀው ሳተላይቱ ድምፁን ሲያጠፋ ነው። ቆየት ብሎ የአሜሪካ ጦር ራዳሮች አንድ ሳተላይት በነበረበት ቦታ የስብርባሪ መንጋ ማየት ጀመሩ።

ቀድሞ አይታወቅም ነበር?

ይታወቅ ነበር፤ ግን አይታወቅም ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው።

ሶቅራጥስ የሚባል በነፃ የሚሰጥ አገልግሎት አለ። የሳተላይቶችን መንገድ እያሰላ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚቀራረብ በየቀኑ ያወጣል። በዚያ ቀን ባወጣው ዝርዝር ላይ እነዚህ ሁለቱ ነበሩበት። በ584 ሜትር ርቀት ይተላለፋሉ ይል ነበር። ቁጥሩ በሳምንቱ ውስጥ ከቀን ቀን ሲለዋወጥ ነበር የሰነበተው። ደግሞም በዝርዝሩ አናት ላይ አልነበሩም። ከእነሱ በባሰ ይቀራረባሉ የተባሉ ብዙ ጥንዶች ከፊታቸው ተሰልፈው ነበር። እነዚያ ሁሉ በሰላም ተላለፉ። ለሕዝብ ክፍት የነበረው የመንገድ መረጃ ስህተቱ እስከ ኪሎ ሜትር ሊደርስ ስለሚችል፣ 584 ሜትር ማለት ምንም ማለት አልነበረም።

ከግጭቱ ሁለት ዓመት ሳይሞላ በፊት፣ በ2007፣ የኢሪዲየም ኃላፊ ጆን ካምቤል በአንድ የውይይት መድረክ ላይ ጉዳዩን በቁጥር አስረድተው ነበር። ኩባንያው በአማካይ በሳምንት 400 የመቀራረብ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። ሁሉም ከ5 ኪሎ ሜትር በታች ነው። አንዱ መቀራረብ ወደ ግጭት የመለወጥ ዕድሉ ግን ከ50 ሚሊዮን አንድ ነው አሉ። እስቲ እናስላው። በሳምንት 400፣ በዓመት 21,000 ገደማ ይሆናል። 50 ሚሊዮን ለመሙላት ከ2,000 ዓመት በላይ ይፈጃል። ግጭቱ የመጣው ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ነው።

ለኩባንያው ፍርድ ለመስጠት አልቸኩልም። በሳምንት 400 ጊዜ ማስጠንቀቂያ የሚደርሰው ሰው 400 ጊዜ ሳተላይት ሊያንቀሳቅስ አይችልም። ነዳጁ ያልቃል። ከአንዱ ሲሸሽ ወደ ሌላው ሊጠጋም ይችላል። የሚታመን መረጃ በሌለበት ዝም ማለት ምክንያታዊ ውሳኔ ነበር። ችግሩም ያ ነው። ሁሉም ምክንያታዊ የመሰለውን አደረገ፤ ውጤቱ ግን ይኸው ሆነ።

ስብርባሪው የት ሄደ?

ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆኑ፣ በራዳር ተለይተው ቁጥር የተሰጣቸው ስብርባሪዎች በጊዜ ሂደት 2,300 ገደማ ደረሱ። ትልቁ ድርሻ የኮስሞስ ነው። ከዚያ ያነሱት በአብዛኛው አይታዩም። ባይታዩም ግን አሉ። 1 ሳንቲ ሜትር የምታህል ቁራጭ በዚያ ፍጥነት አንድ ሳተላይት ከጥቅም ውጭ ለማድረግ ትበቃለች።

ስብርባሪው በአንድ ቦታ ክምር ሆኖ አይቀመጥም። መጀመሪያ በሁለቱ ሳተላይቶች የቀድሞ መንገድ ላይ ተዘረጋ። ከዚያ እያንዳንዱ ቁራጭ ትንሽ ትንሽ የተለያየ ፍጥነትና አቅጣጫ ስላለው በወራት ውስጥ ምድርን ዙሪያዋን ከበበ። ወደ ላይም ወደ ታችም ተበተነ። አብዛኛው ከ500 እስከ 1,300 ኪሎ ሜትር ከፍታ መካከል ሆነ። ይህ እንግዲህ የአየር ሁኔታ የሚከታተሉ፣ እርሻና ደን የሚቃኙ፣ የባሕርን ከፍታ የሚለኩ ሳተላይቶች የሚሠሩበት ሰፈር ነው።

ጉዳቱ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። ማርች 24 ቀን 2012 ከኮስሞስ 2251 የወጣ አንድ ቁራጭ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ እየቀረበ መሆኑ ታወቀ። ጣቢያው ከመንገዱ ዘወር እንዲል የሚበቃ ጊዜ አልነበረም። በውስጡ የነበሩት ስድስት ሰዎች ወደ ሁለቱ የሶዩዝ መንኮራኩሮች ገብተው፣ ጣቢያው ቢመታ ለማምለጥ ተዘጋጅተው ጠበቁ። ቁራጩ በሰላም አለፈ። ቁራጩ የወጣበት ሳተላይት ከተመጠቀ 19 ዓመት ሊሞላው ነበር።

ከግጭቱ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ ከ2,300ው ውስጥ 1,500 ያህሉ አሁንም እላይ ነበሩ። በዚያ ከፍታ አየሩ እጅግ ስስ ነው። አንድን ቁራጭ ጎትቶ ለማውረድ አሥርተ ዓመታት ይፈጅበታል። የናሳ ሳይንቲስት የነበሩት ዶናልድ ኬስለር ከባልደረባቸው ጋር በ1978 ያስጠነቀቁት ይህንኑ ነበር። ምህዋር ሲሞላ ግጭት ይመጣል፣ ግጭት ስብርባሪ ይወልዳል፣ ስብርባሪው ሌላ ግጭት ያመጣል። ከአንድ ነጥብ በኋላ አዲስ ሳተላይት ማምጠቅ ቢቆም እንኳ ስብርባሪው በራሱ መብዛቱን ይቀጥላል።

ጥፋተኛው ማን ነው?

የ1972ቱ የህዋ ጉዳት ተጠያቂነት ስምምነት ጉዳዩን በሁለት ከፍሎ ያየዋል። ከህዋ የወደቀ ነገር ምድር ላይ ጉዳት ካደረሰ ያመጠቀው አገር ጥፋቱ መረጋገጥ ሳያስፈልግ ይከፍላል። በ1978 ኮስሞስ 954 የተባለው የሶቪየት ሳተላይት የኑክሌር ማብላያ እንደያዘ ካናዳ ላይ ሲወድቅ ሶቪየት ኅብረት በኋላ 3 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ከፍላለች። ጉዳቱ የደረሰው እዚያው ህዋ ላይ ከሆነ ግን ጥፋት መኖሩ መረጋገጥ አለበት። ጥፋት ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ ስምምነቱ አይተረጉምም።

እንግዲህ ይህን ግጭት ይዞ ፍርድ ቤት የቆመ ሰው ምን ይላል? ሩሲያ የሞተ ሳተላይት እላይ ተወች። ግን አውርጂው የሚል ግዴታ አልነበረባትም። አሜሪካዊው ኩባንያ ሊንቀሳቀስ የሚችል ሳተላይት ነበረው። ግን አንቀሳቅስ የሚል ግዴታ አልነበረበትም። የተባበሩት መንግሥታት በ2007 ያጸደቀው የህዋ ፍርስራሽ መመሪያ በፈቃደኝነት የሚፈጸም ነው። ሁለቱ አገሮች በስምምነቱ መሠረት አንዱ ሌላውን አልጠየቀም። ኩባንያው ኢሪዲየም 91 የተባለውን መጠባበቂያ ሳተላይት ወደ ክፍተቱ አስገባ፤ ደንበኞች መደወላቸውን ቀጠሉ። ጉዳዩ እንደዚሁ ተዘጋ።

እኔ ይህን አደጋ ብሎ መጥራት ይከብደኛል። አንድ ፋብሪካ ፍሳሹን ወንዝ ውስጥ ሲለቅ አደጋ አንለውም፤ ብክለት እንለዋለን። 950 ኪሎ ግራም ብረት ሰው ሁሉ በሚጠቀምበት መንገድ ላይ ጥሎ መሄድም ብክለት ነው። ከልካይ ሕግ አለመኖሩ ስሙን አይቀይረውም።

መፍትሔው ያመጣው ሌላ ጣጣ

ከግጭቱ በኋላ የተለወጠ ነገር አለ። የአሜሪካ ጦር ቀድሞ ሰው ያለባቸውንና ለመንግሥት ወሳኝ የሆኑትን ሳተላይቶች ነበር በዋናነት የሚከታተለው። ከዚያ በኋላ በሥራ ላይ ላሉት ሁሉ፣ የማንም ቢሆኑ፣ የግጭት ማስጠንቀቂያ መስጠት ጀመረ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ደግሞ በ2022 አንድ ደንብ አወጣ። በዝቅተኛ ምህዋር ላይ ያለ ሳተላይት ሥራውን በጨረሰ በአምስት ዓመት ውስጥ ከዚያ መወገድ አለበት። የቀድሞው ልማድ 25 ዓመት ነበር።

ማውረድ ማለት ግን ምን ማለት ነው? በአብዛኛው ማቃጠል ማለት ነው። ሳተላይቱ ወደ ከባቢ አየር ሲገባ ይነድዳል። ነድዶ አለቀ ይባላል። አያልቅም። የሳተላይት አካል በብዛት አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ሲነድድ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ብናኝ ይሆናል። ብናኙ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀርና ዓመታት ወስዶ ቀስ እያለ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር ወደሚከላከለን የኦዞን ሽፋን ይወርዳል።

ይህም ግምት ብቻ አይደለም። በ2023 መጀመሪያ የአሜሪካ ሳይንቲስቶች ከአላስካ እየተነሳ ወደ 19 ኪሎ ሜትር ከፍታ በሚበርር የናሳ አውሮፕላን አፍንጫ ላይ መሣሪያ ገጥመው የዚያን አየር ብናኝ አንድ በአንድ መረመሩ። ተወርዋሪ ኮከቦች የሚተዉትን ብረት እየፈለጉ ሳለ ኒዮቢየምና ሃፍኒየም አገኙ። እነዚህ ለሮኬትና ለሳተላይት ጠንካራ ቅይጥ ብረት የሚውሉ፣ በተፈጥሮ እዚያ በዚያ መጠን የማይጠበቁ ንጥረ ነገሮች ናቸው። በዚያው ዓመት ባሳተሙት ጥናት፣ በዚያ ከፍታ ካሉት ትልልቅ የሰልፈሪክ አሲድ ብናኞች ውስጥ 10 በመቶ ያህሉ ከሳተላይትና ከሮኬት ቃጠሎ የመጣ አሉሚኒየምና ሌላ ብረት እንዳለባቸው አሳዩ።

በ2024 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሳተላይት ሲቃጠል 30 ኪሎ ግራም ያህል የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ብናኝ እንደሚተው አሰላ። አሉሚኒየም ኦክሳይድ ኦዞንን የሚበላውን የክሎሪን ኬሚካላዊ ሥራ ያፋጥናል። ብናኙ ኦዞን ወዳለበት ለመድረስ እስከ 30 ዓመት ሊፈጅበት ይችላል። ዛሬ የምናቃጥለው ጉዳቱ የሚታየው ልጆቻችን ጎልማሳ ሲሆኑ ነው ማለት ነው።

ግጭቱ በደረሰበት ዓመት በሥራ ላይ የነበሩት ሳተላይቶች 900 ገደማ ነበሩ። ዛሬ ከ10,000 በላይ ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ኢንተርኔት የሚያቀብለው የስታርሊንክ ነው። የስታርሊንክ ሳተላይት በአምስት ዓመት ገደማ አገልግሎቱን ጨርሶ እንዲቃጠልና በአዲስ እንዲተካ ታስቦ የተሠራ ነው። ስብርባሪን በመፍራት በኩል ካየነው ጥሩ አሠራር ነው። በ550 ኪሎ ሜትር የሞተ ሳተላይት እንደ ኮስሞስ 2251 ለአሥርተ ዓመታት አይቀመጥም። በአየሩ በኩል ካየነው ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ሳተላይቶችን በየአምስት ዓመቱ ማንደድ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ሁለቱን ጉዳት በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ደንብ እስካሁን የለም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። እታች የምንለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምድርን ሲያሞቅ የላይኛውን ከባቢ አየር ግን ያቀዘቅዘዋል። የቀዘቀዘ አየር ይሰበሰባል፤ ሳተላይቶች ባሉበት ከፍታ ይሳሳል። ስብርባሪን ጎትቶ የሚያወርደው ያ ስስ አየር ነበር። ስለዚህ የመኪናና የፋብሪካ ጭሳችን የህዋ ቆሻሻ ዕድሜ ያረዝማል።

ወደ እኛ ስንመጣ

የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. (በፈረንጆች በ2019) ከቻይናው ታይዩዋን ተመጠቀች። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። መቆጣጠሪያዋ እንጦጦ ላይ ነበር። እርሻ፣ ደንና ውሃን እንድትቃኝ የተላከችው ወደ 628 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ነው። የሳይቤሪያው ግጭት ስብርባሪ በተዘራበት ቀበቶ መሃል ማለት ነው። በ2009 ግጭቱ ሲደርስ አንድም ሳተላይት ያልነበራት አገር፣ ሌሎች በተዉት ፍርስራሽ መሃል ነው ሥራ የጀመረችው።

ይህን ስል አናምጥቅ ማለቴ አይደለም። ድርቅንና ሰብልን ከላይ ማየት ያስፈልገናል። ግን ቀጣዩን ሳተላይት ስንገዛ ውሉ ላይ ልንጠይቀው የሚገባ ነገር አለ። ሥራው ሲያልቅ የሚወርድበት ሞተርና ነዳጅ አለው ወይ? ለማውረዱ ኃላፊው ማን ነው፣ ገዢው ወይስ ሻጩ? ከምን ተሠርቷል፣ ሲቃጠልስ ምን ይተዋል? ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የህዋ ኮሚቴ አባል ናት። ብዙ ሳያበላሹ ጉዳቱን የሚካፈሉ አገሮች እዚያ የሚያነሱት ጥያቄ ሊኖራቸው ይገባል።

የማጽዳቱ ዋጋ

የኢሪዲየም ታሪክ በግጭቱ አላበቃም። ከ2017 እስከ 2019 ኩባንያው 75 አዳዲስ ሳተላይቶች አመጠቀ። የድሮዎቹን አንድ በአንድ አውርዶ አቃጠለ። ያን በማድረጉ ሊመሰገን ይገባል፤ ሁሉም አያደርገውም። ሁሉንም ግን ማውረድ አልቻለም። ከድሮዎቹ 30 ያህሉ ተበላሽተው ትእዛዝ የማይሰሙ ሆነው እላይ ቀርተዋል።

የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ማት ዴሽ በአንድ ወቅት እነዚህን ለሚያወርድለት ሰው ይከፍሉ እንደሆነ ተጠይቀው ነበር። ለአንዱ 10,000 ዶላር ያህል ቢሆን እንደሚያስቡበት ተናገሩ። ኩባንያው ከማውረዱ የሚያገኘው ጥቅም ከዚያ አይበልጥም። የሞተ ሳተላይት እላይ በመተው የሚቀጣው የለምና። በ2020 የአውሮፓ ህዋ ኤጀንሲ አንድ፣ አንድ ብቻ፣ የሞተ ዕቃ ከምህዋር ይዞ ለማውረድ ከአንድ የስዊዘርላንድ ድርጅት ጋር የገባው ውል 86 ሚሊዮን ዩሮ ነበር።